ቡናው የሚቀላ ዕለት ሣጥኑ ባዶ ከሆነ

ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት የጀበና ቡና ቦታዎች አንዱ። ጋሼ ዕድሜያቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ሲመረምሩ ኖረው በጡረታ ላይ ናቸው፤ ቤታቸውም እዚሁ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ነው። ወጣቷ ከቦንጋ ወዲያ ላለ አንድ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር የቢዝነስ ዕቅድ እንድትጽፍ ተቀጥራለች። ረቂቁን ሰጥታቸው አንብበው ጨርሰዋል።

ጋሼ፡- ራዕይ አለ፣ ተልዕኮ አለ፣ እሴቶች አሉ። የደኑ ካርታ በቀለም ታትሟል። እኔ የፈለግሁት ግን አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ቡና ሲቀላ ማኅበሩ በእጁ ስንት ብር ይኖረዋል?

ወጣቷ፡- የገንዘብ ፍሰቱ አባሪው ላይ አለኮ ጋሼ።

ጋሼ፡- አይቼዋለሁ፤ በዓመት ነው የሠራሽው። በዓመት ከተደመረ የማይተርፈው ማኅበር የለም። በሳምንት ሥሪው። እኔ ስንቱን ማኅበር ስመረምር ታኅሣሥ ላይ መጋዘኑ ባዶ፣ ሚዛኑ አቧራ የጠጣ፣ አባሉ ግን ቡናውን ሸጦ የጨረሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለማን ሸጣችሁ ሲባሉ መሬት መሬት ያያሉ።

ወጣቷ፡- ለሰብሳቢው ነዋ። እነሱም የነገሩኝ ያንኑ ነው። "ማኅበራችንን እንወዳለን፤ ነጋዴው ግን ብሩን ይዞ ደጃችን ይመጣል" አሉኝ።

ጋሼ፡- ነጋዴው ብሩን ይዞ የመጣው በለቀማ ብቻ ይመስልሻል? እሱ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ልጅ ሊመዘገብ ሲል፣ መስቀል ሲደርስ፣ ጎተራው ሲራቆት። ቡናውን ገና በአበባው የገዛውም አለ። ማኅበሩ በኪሎ ሁለት ብር ጨምሮ ሊያሸንፈው የሚነሣው እሱ ብድሩን ከሰጠ ከወራት በኋላ ነው። ውድድሩ በዋጋ ይመስላችኋል፤ ውድድሩ በብድር ነው።

ባለቡናዋ፡- ታዲያ ዕቁብ አይጥሉም እንዴ? እኛ እዚህ በዕቁብ አይደል የምንሠራው?

ጋሼ፡- ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ እናት። የእናንተ ዕቁብ የሚሠራው ለምንድነው? አንቺ ብሩን ለስኳርና ለቡና ስትፈልጊ፣ ጎረቤትሽ ለሠርግ፣ ሌላው ለመኪና ጎማ፤ ሁላችሁም በየጊዜያችሁ ነው የምትፈልጉት። እዚያ ግን መቶ አባወራ ቡናው የሚቀላለት በአንድ ሰሞን ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ዕጣ ይውጣልኝ ካለ የትኛው ዕቁብ ይቆማል? የገጠር ማኅበር የራሱ ቁጠባ ለለቀማው የማይበቃው ሰዎቹ ድሆች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም እኩል ስለሚቸግራቸው ነው።

ወጣቷ፡- ስለዚህ ከባንክ እንበደር ነው የሚሉኝ።

ጋሼ፡- ባንኩ ዋስትና ይላል። ማኅበሩ ምን አለው? ደኑ የመንግሥት ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ 1065፣ የማኅበረሰብ ደን የሚባለውን ለይቶ ዕውቅና መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የ1999ኙ አዋጅ የመንግሥትና የግል ብሎ ነበር የሚከፍለው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለው የመንግሥት ደን ለባንክ አይያዝም፣ እንዲያዝም አልመኝም። አባላቱ አክሲዮን ጨምረው እንዳይገዙ ደግሞ የኅብረት ሥራ ሕጉ ማንም አባል ከጠቅላላው አክሲዮን ከ10 በመቶ በላይ እንዳይኖረው ይላል፤ የቱንም ያህል ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። ይሄ ማኅበሩን ከሀብታም ይጠብቀዋል፤ ካፒታሉንም እዚያው ያሳጥረዋል። ሁለቱ አብረው የመጡ ናቸው፤ አንዱን መርጠሽ አንዱን አትተዪም።

ወጣቷ፡- አዋጅ 1147/2011 አለ እኮ። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ መጋዘን የገባ ምርትም ጭምር።

ጋሼ፡- እሱን ዕቅድሽ ውስጥ አላየሁትም።

ወጣቷ፡- አላስገባሁትም። ቡናው መጋዘን የሚገባው ከተገዛ በኋላ ነው ብዬ ነው። ለመግዣ የሚሆነው ብር ከየት ይምጣ?

ጋሼ፡- ትክክል። ለቡናው አይሆንም፤ ለማሩ ግን ይሆናል። እስቲ ከዚያ ደን የሚወጣውን ሁሉ በየወሩ ንገሪኝ።

ወጣቷ፡- ቡናው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ታኅሣሥን ይዞ ይሄዳል፤ አብዛኛው ጀንፈል ነው። ማሩ ከበልጉ በኋላ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይቆረጣል። ኮረሪማ አለ፣ ጥምዝ አለ። ሰሙን ለብቻው የሚገዛቸው የለም።

ጋሼ፡- ይኸውልሽ። ማር ሰኔ፣ ቡና መስከረም። መሐሉ ሦስት ወር ነው። የማሩ ብር ለቡናው መግዣ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው የደን ማኅበር ምርቱን ያብዛ ሲል ገቢ እንዲጨምር ብሎ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር ወሩ ነው። ከቡናው ጋር በአንድ ወር የሚደርስ አራተኛ ምርት ቢያመጡልኝ ደስ አይለኝም። ሰኔ ላይ የሚደርስ ተራ ምርት ይሻለኛል።

ወጣቷ፡- ማሩ ግን የሚሄደው ለጠጅ ቤት ነው ጋሼ። ከነሰሙ፣ ከነቆሻሻው። አጥሩና አምጡ ብላቸው ማን ይከፍለናል ነው መልሳቸው፤ እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ አብዛኛውን የምትጠጣው ራሷ ናት። ጠጅ ጣይ ደግሞ ለጥራት ተጨማሪ አይከፍልም።

ጋሼ፡- ታዲያ ሁሉንም ለውጭ ገበያ እናጥራ ብለሽ አትጻፊ። ገሚሱ እንደለመደው ለጠጅ ይሂድ፤ ጠጅ ቤት ጥሬ ብር ይከፍላል፣ ኮንትራትና ምርመራ አይጠይቅም። ቀሪውን አጥሩት። ሰሙንም ገዢ ፈልጋችሁ ለብቻው ሽጡት። አየሽ፣ ርካሹ ገበያ ቶሎ ይከፍላል፤ ውዱ ገበያ ቆይቶ ይከፍላል። ሁለቱን ማስማማት ነው ስትራቴጂ የሚባለው፤ እናንተ ግን ውዱን ብቻ ነው የምትጽፉት፣ ለጋሹ የሚወደው እሱን ስለሆነ።

ባለቡናዋ፡- ሁለተኛውን ልቅዳ?

ጋሼ፡- ቅጂ። ከሰሉስ እንዴት ነው ዘንድሮ?

ባለቡናዋ፡- ተወደደ እንጂ ምን ይሆናል! የጎጃሙ ነው የሚሻለው።

ወጣቷ፡- እሱን ላነሣልዎ ነበር። የጎጃሙ ከሰል ማለት አብዛኛው ከአዊ የሚመጣው ነው፤ ከፋግታ ለኮማና ከአካባቢው። ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ገበሬው በራሱ ማሳ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ያን ያስተማረ ትልቅ ፕሮጀክት የለም፤ ራዕይና ተልዕኮም አልተጻፈለትም። ግን ወረዳው አረንጓዴ ሆነ። ማኅበር ለምን አስፈለገ ታዲያ?

ጋሼ፡- በዚህ ላይ አልከራከርሽም፤ ከብዙ ማኅበር በላይ ዛፍ የተከለው ትርፍ ነው። ግን እዚያ ዛፉ የማነው?

ወጣቷ፡- የገበሬው። በማሳው።

ጋሼ፡- አዎ። ራሱ ይጠብቀዋል፤ ለጥበቃው ማንም አይከፍለውም፣ ማንንም አይለምንም። ከፋ ላይ ግን ደኑ የጋራ ነው። እዚያ ማኅበሩ ሁለት ሥራ አለበት፤ መሸጥና መጠበቅ። አንቺ የሽያጩን ወጪ እስከ ማዳበሪያው ከረጢት ድረስ ጽፈሻል። አባላቱ በየተራ ደን ሲዞሩ የሚያጠፉት ቀን ግን የትም አልተቆጠረም። ነፃ ነው ብለሽ ነው?

ወጣቷ፡- የአባልነት ግዴታ ነው ተብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሰፍሯል።

ጋሼ፡- ግዴታ ወጪ አይደለም ያለው ማነው? በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስልተሽ አስገቢው። ያኔ ማኅበሩ ኪሳራ ላይ መሆኑ ይታይሻል፤ አትደንግጪ። ካርቦን የሚባለው ገንዘብ ትርጉም የሚኖረው እዚያ ጋ ነው። ሁምቦን ታውቂዋለሽ?

ወጣቷ፡- ወላይታ፤ ወርልድ ቪዥን የጀመረው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ ሰባት ማኅበራት። አብዛኛው ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን ከመሬት በታች የነበረው ሥርና ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ ነው ያገገመው። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድ የ165 ሺህ ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅነሳ ለመግዛት ተዋዋለ።

ጋሼ፡- ስንት ብር ነው እሱ?

ወጣቷ፡- ቢያንስ በአሥር ዓመት ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ተብሎ ነበር።

ጋሼ፡- ለሄክታር አካፍዪው።

ወጣቷ፡- ...በዓመት 25 ዶላር ገደማ ለአንድ ሄክታር።

ጋሼ፡- ይኼ የማንንም ቤት አይለውጥም። የጥበቃ ቀን ነው የሚሸፍነው፤ ሥራውም እሱ ነው። እኔ ሁምቦን የማደንቀው በመጠኑ አይደለም፣ በአወጣጡ ነው። ማኅበራቱ ከካርቦኑ ገንዘብ የእህል ወፍጮና ማከማቻ ሠሩበት። ካርቦን ገዢው አንድ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ውሉ ያልቃል። ወፍጮ ግን የየሳምንቱ ገበያ ነው፣ ሰው እንጀራ እስከበላ ድረስ። የካርቦን ብር ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ለአንድ በዓል በግ አይበቃም ነበር።

ወጣቷ፡- አዊ ላይ ግን ማኅበር ለምን እንደሚያስፈልግ አሁንም አልገባኝም።

ጋሼ፡- ለመትከል አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ዲከረንሱን የዝገት በሽታ መታው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ተክሎ፣ ሁሉም ለአንድ ገበያ ሸጦ ነበር። ከእያንዳንዱ ገበሬ አንፃር ስታዪው ማንም አላጠፋም። አንድ ላይ ስትደምሪው ግን ወረዳው በአንድ ዛፍ ላይ ቆሞ ነበር። ያንን የሚያይ ዓይን ነው የጠፋው እንጂ ከሰል ለማክሰል ሊቀ መንበር አያሻም። በነገራችን ላይ ይኼ የእኔ ቢጤ መርማሪ የሚያየው ነገር አይደለም፤ ሒሳቡ እያንዳንዱ ዓመት ትርፍ ያሳያል።

ወጣቷ፡- እንግዲህ እርስዎ ማኅበር የሚወዱት ብቻ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

ጋሼ፡- በግድ የተደራጀውን አይቼዋለኋ! በደርግ ጊዜ፣ አዋጅ 138/1970 ወጥቶ የገበሬዎች አምራች ማኅበር ሲቋቋም በሬውም መሬቱም የጋራ ሆነ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በሳምንታት ውስጥ ተበተኑ። በሬ ተከፋፈሉ፣ መሬት ተካፈሉ፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ የጋራ ተብሎ የተተከለው ደን በብዙ ቦታ ተቆረጠ። ዛሬም ሽማግሌዎቹ ማኅበር የሚለውን ሲሰሙ ጆሯቸውን የሚደፍኑት ለዚያ ነው። የ1991ዱ አዋጅ 147 በፈቃድ ላይ መሠረተው፤ የ2009ኙ 985 ተካው። ወረቀቱ ጥሩ ነው።

ወጣቷ፡- የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም በዚያው በ1991 ነው የተቋቋመው። እኔ ሞዴል ያደረግሁት እሱን ነው። ያለ ደላላ በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ፣ ከትርፉ 70 በመቶውን ለማኅበራቱ መመለስ።

ጋሼ፡- ጥሩ ሞዴል ነው። ግን ዘመኑን እይ። በ2000 ዓ.ም. ምርት ገበያ፣ እዚች ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ የግል ላኪው ሁሉ ቡናውን በምርት ገበያ በኩል እንዲገዛ ተገደደ። ኅብረት ሥራዎቹ ግን በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። ያኔ የውጭ ገዢ ቡናው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ማወቅ ከፈለገ በሩ የዩኒየን በር ነበር ማለት ይቻላል። ከ2009ኙ የቡና አዋጅ ወዲህ ግን ለግሉም በሩ እየተከፈተ ሄደ፤ ላኪው ከገበሬው ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል። መንግሥት የሰጠሽን ብልጫ መንግሥት ይወስደዋል። ዕቅድሽ ውስጥ "ልዩ ጠቀሜታ" ብለሽ የጻፍሽው ግማሹ እንዲህ ያለ ነው።

ወጣቷ፡- የፌርትሬድ ዋጋስ? እሱን መንግሥት አይወስደውም።

ጋሼ፡- እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው ዋጋ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነበር፣ ማበረታቻው 20 ሳንቲም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኒው ዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር አለፈ። ያኔ ወለሉ ማንን ይጠቅማል? ሰው ማኅበርን የሚፈትነው ዋጋ ሲወድቅ ነው ይላል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሲወድቅ አባሉ ሁሉ ማኅበሩ በር ላይ ይሰለፋል። ሲወደድ ነው የሚሸሸው፤ ዩኒየኑ በነሐሴ ዋጋ ተዋውሏል፣ ነጋዴው በኅዳር ዋጋ ይከፍላል።

ወጣቷ፡- ታዲያ ምን ያድርጉ? ሳይዋዋሉ ይጠብቁ?

ጋሼ፡- ከምርቱ ሁሉ አይዋዋሉ። አባሉ የሚያመጣውን ሁሉ ሳይሆን ሲከፋም የማይቀረውን ያህል ይዋዋሉ። ሌላው በዕለቱ ዋጋ ይሸጥ። ብድር ጠያቂው ሥራ አስኪያጅ ይህን አይወድም፤ ባንክ ብድር የሚሰጠው ውሉን አይቶ ነውና። እዚህ ላይ መፍትሔ አለኝ አልልሽም። ትንሽ ውል፣ ትንሽ ብድር፣ ትንሽ ግዢ፤ እሱ ነው።

ወጣቷ፡- እኔ ተስፋ የማደርገው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከተመረተ ቡና አንገዛም ብለዋል፤ የሚጀመርበት ቀን ቢራዘምም። እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ለግል ላኪ በሺህ የሚቆጠር የተበታተነ ገበሬ መመዝገብ ዕዳ ነው። የእኔ ማኅበር ግን አባላቱን በስም ያውቃል፣ የደኑ ወሰን ተለክቷል፣ ከፋ በ2002 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ጋሼ፡- ይኼኛው ጥሩ ነው። ይኼ መንግሥት የሰጠሽ ብልጫ አይደለም፣ ዓመታት ደን የዞሩ ሰዎች ያመጡት ነው። ታዲያ ለምን 31ኛ ገጽ ላይ ቀበርሽው? ለገዢው የምትሸጪለት እኮ ቡና ብቻ አይደለም፤ ቡናውን ከነመረጃው ነው። ለመረጃው ለብቻ ዋጋ ጠይቂ። ያ መዝገብም የማኅበሩ ይሁን፤ አንድ ላኪ መጥቶ በነፃ እንመዝግብላችሁ ካለ መዝገቡን ይዞት ይሄዳል።

ወጣቷ፡- ሜክሲኮ ካሉ አይቀር፣ የዋናዋን ሜክሲኮ ምሳሌ አስገብቼ ነበር። ኢክስትላን የሚባል ኦሃካ ውስጥ ያለ የዛፖቴክ ማኅበረሰብ ነው። ደናቸውን ለ25 ዓመት አንድ የወረቀት ፋብሪካ በኮንሴሽን ይዞት ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ እንዳይታደስ ታግለው ራሳቸው ያዙት። ዛሬ መሰንጠቂያ አላቸው፣ የዕቃ ፋብሪካ አላቸው፣ ነዳጅ ማደያ ሳይቀር።

ጋሼ፡- ነዳጅ ማደያው ነው የወደድሁት! ደን አይመስልም አይደል? ግን በየቀኑ ጥሬ ብር ያስገባል። አየሽ እነዚያም ያው ነው ያሰቡት፤ ዛፍ በዓመታት ይከፍላል፣ ሠራተኛ በየወሩ ይበላል። የሁምቦ ወፍጮና የኢክስትላን ማደያ አንድ ነገር ናቸው።

ወጣቷ፡- ለእኔዎቹ ወፍጮ ልበል?

ጋሼ፡- እኔ እዚህ ልደታ ተቀምጬ ወፍጮ በይ አልልሽም። እዚያ ስንት ወፍጮ እንዳለ እነሱ ያውቃሉ። ምናልባት የነሐሴ ብድር ይሆናል፤ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከጎኑ አቋቁመው በማሩ ብር። ነጋዴው የሚያበድረውን ሲሶውን እንኳ ቢሸፍኑ በአበባ መሸጡ ይቀንሳል። የዘንድሮውን የማር ብር ምን አደረጉት?

ወጣቷ፡- ለአባላት ይከፋፈል ተብሎ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኗል። ሕጉ የሚያዘው መጠባበቂያ ብቻ ተቀንሶ።

ጋሼ፡- ሙሉውን?

ወጣቷ፡- ሙሉውን። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ነበር፣ እኔም ነበርኩ። እጅ ያላወጣ አልነበረም።

ጋሼ፡- ሴቶቹስ?

ወጣቷ፡- ሴቶቹ... አባል አይደሉም። አባልነቱ በአባወራ ስም ነው። ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ አይቻቸዋለሁ።

ጋሼ፡- ኮረሪማውን ማን ነው የሚለቅመው?

ወጣቷ፡- እነሱ። ጀንፈሉን የሚያሰጡትና የሚለቅሙትም እነሱ ናቸው። ነሐሴ ላይ ከነጋዴው የሚበደሩትም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ለልጆቹ ደብተር።

ጋሼ፡- እንግዲያስ ማሩ ይከፋፈል አይከፋፈል የሚለውን የወሰነው ብድሩን የማይበደረው ሰው ነው። አባልነቱ በባልና በሚስት ስም ይሁን፤ ለሁለቱም ድምፅ።

ወጣቷ፡- መተዳደሪያ ደንቡ መሻሻል አለበት ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ ጉባኤ መጠራት አለበት።

ጋሼ፡- ቀጣዩ መቼ ነው?

ወጣቷ፡- ከቡናው በኋላ፣ ጥር ላይ።

ጋሼ፡- አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ይችላሉ። ደንቡ ስንት ሰው ይፈርም ይላል?

ወጣቷ፡- ቆይ ልየው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።